ያልደበዘዘው ክር

በአውራሻ መንግሥት፣ የምስክር አዳራሽ በሚባለው ታላቅ ቤት ጣሪያ ላይ ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ክሮች ተሰቅለው ነበር። እያንዳንዱ ክር አንድ ዓመት ነው። አንድ ምስክር በእግሩ ተጉዞ፣ ሐይቀ ሰብዓቱን በዓይኑ አይቶ፣ ነጭ ክሩን በውሃው ነክሮ ሰባት ቀለም አጠጥቶ ያመጣዋል። ሐይቁ ከንጋት እስከ ምሽት ሰባት ጊዜ መልኩን ይለውጣልና የአውራሻ ሰው ከነገሥታቱ ዘውድ ይልቅ በእርሱ ይኮራ ነበር። ያዩት ግን በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ሌላው የሚያውቀው ምስክሩ በየዓመቱ ቆሞ ሲናገር ከሰማው ነው።

በጽጌ ወር በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ አዳራሹን የምትጠርገው ሴት ቀና ብላ አየችና መጥረጊያዋን ጣለች። ክሮቹ አመድ መስለዋል። ትናንት እንደ ቀስተ ደመና የተዘረጋው ጣሪያ ዛሬ የሸረሪት ድር ሆኗል። ከሦስት መቶ አሥራ ሁለቱ አንዱ ብቻ፣ በመጨረሻ የተሰቀለው የዘንድሮው፣ ቀዩ እንደ ቀላ፣ ቢጫው እንደ ደመቀ ተንጠልጥሏል።

የዘንድሮዋ ምስክር የማዕዶት ክር ነበር።

ከቀትር በፊት ከተማው ሁሉ ሰማ። ከሐይቁ የሚወርደው ወንዝም ያን ዕለት ግራጫ ሆኖ ወረደ፤ ከብቱ አፉን ወደ ውሃው እያስጠጋ ሳይጠጣ ተመለሰ። ሊቃውንቱ ካባቸውን ደርበው ተሰበሰቡ፤ ብዙ አሉ፤ ከብዙው የወጣው አንድ ነገር ግን የሐይቁ ቀለም ተሰርቋል የሚል ነበር። ሌባውን ለመፈለግም አልደከሙም። ወደ ሐይቁ በሚወስደው መንገድ ላይ የጨው ሜዳ ሰዎች ይኖራሉ፤ ምድራቸው ነጭ፣ ቤታቸው ነጭ፣ ልብሳቸው ነጭ ነው። ቀለም የሌለው ሰው ቀለም ካልሰረቀ ማን ይሰርቃል ተባለ። ይህን ያሉት ሰዎች ሊቅ መባላቸው ይገርማል።

ንግሥት ሐመረወርቅ ማዕዶትን አስጠራች። የሃያ አንድ ዓመት ልጅ ናት፤ ቀጭን፣ ጥቁር፣ አንገቷን ቀና አድርጋ የምትሄድ። ክር በቀለም እየነከረች ከምታድር ደሃ ሴት ተወልዳ፣ ፊደልን ከመቃብር ድንጋይ ላይ ራሷ ለቅማ የተማረች ናት። የመኳንንቱ ልጆች ለምስክርነት ሲወዳደሩ እርሷም ገብታ የሦስት መቶ ዓመቱን ምስክርነት በቃሏ ወጣችው፤ እነርሱን ደግሞ ከፈረስ ለመውረድ የሰው ትከሻ የምትሹ ብላ በሕዝብ ፊት አሳቀችባቸው። ያን ቀን ያጨበጨበላት ሕዝብ ዛሬ በግራና በቀኝ ተሰልፎ መንገድ ለቀቀላት። ንግሥቲቱ ከዙፋኗ ወርዳ ያልደበዘዘውን ክር በገዛ እጇ አንገቷ ላይ አሰረችላት።

«ማዕዶት ልጄ፣ የአባቶቻችን ቃል ሁሉ ሲደበዝዝ ያንቺ ብቻ ጸና። ሐይቁ አንቺን መርጧል። ሂጂና የተሰረቀውን መልሺ። እኔም በዙፋኔ እምላለሁ፤ በአርባ ቀን ውስጥ ቀለሙ ካልተመለሰ ሠራዊቴ በጨው ሜዳ ላይ ይዘምታል፤ እዚያ ጭስ የሚወጣበት ቤት አይቀርም።»

ማዕዶት አፏን ከፈተች። መናገር የነበረባት ያን ጊዜ ነው። ቃሉ ምላሷ ላይ ነበር፤ አጭር ቃል ነበር። ሕዝቡ ግን እያያት ነው፤ እናቷም ከአዕማዱ ሥር ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ በደስታ ታለቅሳለች።

«እሄዳለሁ፣ ግርማዊት» አለች።

የማዕዶት ክር ያልደበዘዘው ሐይቁን ነክቶ ስለማያውቅ ነው። ባለፈው ክረምት መጨረሻ ለምስክርነት ስትላክ ስድስት ቀን ተጉዛ ከዋርካ ድልድይ ደርሳ ነበር። ድልድዩ ሰው የሠራው አይደለም፤ ከገደሉ ወዲህና ወዲያ የበቀሉ ሁለት ዋርካዎች ሥሮቻቸውን በአየር ላይ ልከው፣ ተገናኝተው፣ ተቃቅፈው የቀሩበት ነው። ከሥሩ ገደሉ ይተነፍሳል። አንድ እግሯን አስቀመጠች። ሥሩ ሕይወት እንዳለው ሁሉ ተነቃነቀ። እግሯን አነሳችና ሁለተኛ አላስቀመጠችም። ፈርቼ ተመለስኩ ብሎ ለእነዚያ የመኳንንት ልጆች መናገር ደግሞ ከገደሉ የባሰ መሰላት። እናም ዋሻ ገብታ አሥራ አንድ ቀን ተቀመጠች፤ በእናቷ ብልሃት ከእንሶስላ ቀዩን፣ ከእርድ ቢጫውን፣ ሌላውንም ከቅጠልና ከቅርፊት አውጥታ ክሯን ነከረች። ምስክርነቷን ከአሮጌዎቹ ቃላት አዋቅራ ስትናገር አዳራሹ አለቀሰ። ከዚያ ያማረ ምስክርነት ተሰምቶ አያውቅም ተባለ። እርሷም፣ ምን ይደረግ፣ ጥቂት ቀን አምናው ነበር።

አብረዋት ሁለት ሰዎች ሄዱ። አንዱ ከእርሷ በፊት ለሠላሳ አንድ ዓመት ምስክር የነበሩት፣ ጉልበታቸው ሲደክም ያረፉት አባ ሳሙር ናቸው። ሁለተኛው ጎሽሜ የሚባል የንግሥቲቱ ጦረኛ፣ ቀይ መቀነት የሚታጠቅ፣ ሲስቅ ከሩቅ የሚሰማ ሰው ነው። ስንቁን የተሸከመችው ባለፈውም ጉዞ አብራት የነበረች በቅሎ ናት፤ ከኩራቷ የተነሣ ወይዘሮ ብለው ይጠሯት ነበር። ጎሽሜ ከበቅሎዋና ከምስክሯ ማንኛቸው የበለጠ አንገታቸውን እንደሚያቀኑ መለየት አቃተኝ እያለ መንገዱን ሁሉ ሲቀልድ ዋለ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ማዕዶት አንድ ቃል ወርውራ አፉን ታስይዘው ነበር። አሁን ግን ክሩ አንገቷን ያሳክካታል።

በአራተኛው ቀን ጨው ሜዳ ገቡ። ጎህ ሲቀድ ምድሩ አበባ አወጣ። ጨው ነው፤ ከመሬት እንደ ቅጠል እየተጠቀለለ፣ እንደ ውርጭ እየሳሳ የሚበቅል ጨው። ፀሐይ ስትነካው ይሰነጠቃል፤ ሲሰነጠቅም እንደ ጸናጽል ይጮኻል፤ ሜዳው ከዳር እስከ ዳር ያዜማል። ማዕዶት በምስክርነቷ ስለዚህ አበባ ስምንት ስንኝ ተናግራለች። ባለፈው ጊዜ እዚህ ስታልፍ የሚሰቀልላትን ክርና የሚጨበጨብላትን እያሰበች ነበርና በቅጡ አላየችውም። አሁን ቆማ ስታየው ስምንቱ ስንኞች እንደ ተውሶ ልብስ ሆኑባት።

ከአበባው መካከል ሦስት አዲስ መቃብሮች ነበሩ። አንዲት ሴት አጠገባቸው ተቀምጣለች። ጎሽሜ እጁን ወደ ጦሩ ሰደደ፤ ሴትዮዋ አይታው እንኳ አልተነሣችም። የድንበር ጠባቂዎች ወሬውን ሰምተው ሦስት ጨው ተሸካሚዎች በመንገድ ላይ እንዳገኙና የቀለም ሌቦች ብለው እንደ ገደሏቸው በተረጋጋ ድምፅ ነገረቻቸው። አንዱ ባሏ፣ ሁለቱ ወንድሞቿ ነበሩ። አሌማ ነው ስሟ። ይህን ተናግራ ከቅሏ ውሃ ቀዳችና ሰጠቻቸው፤ በጨው ሜዳ መንገደኛን ሳያጠጡ መስደድ ነውር ነው።

ማዕዶት ቅሉን ተቀበለች፤ አልጠጣችም።

«ስማቸው ማን ነው፣ እናቴ?»

«ሳሎ፣ ድርኩ፣ ሐልፋ» አለች ሴትዮዋ። ከዚያ ወደ ማዕዶት አንገት አየች። «ያ ነው ቀለሙ? እኛ ምን እናደርገዋለን ብላችሁ ነው?»

ለመናገር የኖረች ልጅ ቅሉን እንደ ያዘች ቆማ ቀረች፤ አባ ሳሙር ቀስ ብለው ከእጇ ወስደው ጠጡላት።

በስድስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ወደ ገደሉ ቀረቡ። ትንፋሹ ከሩቅ ይሰማል፤ ከጥልቁ የሚወጣው ነፋስ ሞቆ ይወጣና ቀዝቅዞ ይገባል። ጎሽሜ ቀድሞ ወደ ድልድዩ አመራ። ወይዘሮ ግን መንገዱን ትታ ወደ ግራ ታጠፈች። ጎሽሜ ጎተታት፤ አልሄድም አለች። ቁጥቋጦውን ገላልጣ ከአንድ ዋሻ አፍ ደረሰች፤ ገባች፤ ከግድግዳው ሥር ወደ ተጠረገ ቦታ ሄዳ፣ ዞራ፣ እንደ ቤቷ ሁሉ ጭነቷ እስኪራገፍ ቆመች።

ጎሽሜ እየሳቀ ተከትሏት ገባ። ሳቁ መሐል ላይ ተቆረጠ። በሦስት ጉልቻ ላይ ጥላሸት የጠጣ ድስት ተቀምጧል፤ አጠገቡ የደረቀ የእርድ ልጣጭ፣ ቀይ የነካው ድንጋይ፣ ከግድግዳው ላይ ክር ሲሰጣ የቀረ ሰባት ቀለም ጠብታ። ጎሽሜ ድስቱን አየ፤ በቅሎዋን አየ፤ በመጨረሻ ማዕዶትን አየ።

«ስንት ቀን ነው እዚህ የተቀመጥሽው?» አላት።

«አሥራ አንድ።»

«ከዚያስ ተሻገርሽ?»

«አልተሻገርኩም።»

ይጮህባታል ብላ ነበር። ቢጮህባት በወደደች። እርሱ ግን ዋሻው ደጃፍ ላይ ተቀመጠ፤ ድምፁም ወረደ። «ወንድሜ ድንበር ጠባቂ ነው» አለ። «እነዚያን ሦስት ሰዎች ከገደሉት አንዱ እርሱ ይሆናል። ለመንግሥቱ የቆመ መስሎት። ለድስትሽ።»

አባ ሳሙር ግድግዳውን ተደግፈው ይህን ካዳራሹ ጀምረው እንደሚያውቁት ተናገሩ። ማዕዶት በምስክርነቷ ሐይቁ በቀትር ሰማያዊ ይሆናል ብላለች። በቀትር ግን አረንጓዴ ነው። ሰማያዊ ያሉት ራሳቸው ነበሩ፤ ከሃያ ዓመት በፊት፣ ዓይናቸውን አሟቸው በነበረ ዓመት። ስህተታቸውን ሳታውቅ ገልብጣ፣ አስጊጣ መልሳ ነገረቻቸው።

«ዝም ያልኩት ደክሞኝ ነው» አሉ። «አንቺን ባጋልጥ እንደገና የምላከው እኔ ነኝ። ያ የእኔ ነውር ነው፤ አንቺ ላይ አልጭነውም። አሁን ግን ሐይቁ በሐሰቱ ደብዝዞ ዋጋውን ይጠይቃል። መሐላውን ታስታውሻለሽ?»

ታስታውሳለች። ምስክር ሁሉ በዙፋኑ ፊት ይምለዋል፤ ድልድዩ አጠገብ ባለው ድንጋይም ተቀርጿል፦ *ያላየሁትን አየሁ ብል፣ ሰባቱ ቀለማት ከዓይኔ ይውጡ።* ስትምለው ለዜማው ማማር ብቻ ነበር የተጠነቀቀችው።

«እኔ ልግባበት» አሉ ሽማግሌው። «ሐይቁ የሐሰቱን ዋጋ ከምስክር ዓይን ይወስዳል እንጂ ከየትኛው ምስክር እንደሆነ አልተጻፈም። እኔም እያወቅሁ ዝም ብያለሁ። ሠላሳ አንድ ጊዜ አይቼዋለሁ፤ ጠግቤያለሁ። አንቺ ወጣት ነሽ፤ ክር ነካሪ ነሽ፤ ያለ ቀለም ምን ትሆኛለሽ?»

ማዕዶት ዝም አለች። ከዋሻው ውጭ ገደሉ አንዴ ተነፈሰ፤ ሁለት ጊዜ ተነፈሰ፤ ሦስት ጊዜ ተነፈሰ። ያን ያህል ዝም አለች። በኋላ ዘመኗ ሁሉ ከፍርሃቷም፣ ከሐሰቷም ይልቅ የምታፍርባቸው እነዚያ ሦስት ትንፋሾች ናቸው። ሽማግሌው ዝምታዋን እንደ እሺታ ቆጥረው ምርኩዛቸውን አንሥተው ወጡ፤ ወደ ድልድዩም ሄዱ፤ የሚንቀጠቀጥ እግራቸውንም በሥሩ ላይ አሳረፉ።

ያን ጊዜ ነው የሮጠችው። ከኋላ ክንዳቸውን ያዘች።

«ተመለሱ፣ አባቴ። ሳሎ፣ ድርኩ፣ ሐልፋ የሞቱት በእርስዎ አይደለም።»

እና አለፈቻቸው። ሥሩ ተነቃነቀ፤ ሞቅ ያለው ትንፋሽ ከታች ቀሚሷን ሞላው። የተሻገረችው በእግሯ አልነበረም፤ በአራት እግሯ እየዳኸች፣ ቅርፊቱን እያቀፈች፣ አፍንጫዋ እየፈሰሰ ነው። እንዲህ ያለ መሻገር በአዳራሽ አይነገርም። ጎሽሜ ከኋላዋ መጣ፤ አላገዛትም። አባ ሳሙርና ወይዘሮ ወዲህ ቀሩ።

በማግስቱ ጠዋት ሐይቀ ሰብዓቱን ከአንድ ኮረብታ ራስ ላይ አየችው። ግራጫ ነበር። ክብ፣ ሰፊ፣ የሞተ ዓይን የመሰለ። በዳርቻው ላይ ክንፋቸው እንደ መስታወት ብርሃን የሚያሳልፍ ወፎች ተቀምጠዋል፤ ሐይቁ ቀለም ሲኖረው በክንፎቻቸው ውስጥ ያልፍ ነበርና ሲበሩ የቀለም ዝናብ ይዘንብ ነበር ይባላል። አሁን ባዶ ናቸው። ሰው ሲቀርብም አልበረሩም።

ማዕዶት እስከ ጉልበቷ ውሃው ውስጥ ገባች። ክሩን ከአንገቷ ፈታች። ንግግር አላሰናዳችም፤ አሰናድታ ቢሆን ኖሮ ያማረ ይሆን ነበር።

«ክሩን የነከርኩት ዋሻ ውስጥ ነው» አለች። «አንተን አላየሁህም። ፈርቼ ነው። የሌሎችን ቃል ሰርቄ ስለ አንተ ተናገርኩ፤ ተጨበጨበልኝ፤ ደስ አለኝ። ሦስት ሰዎች ሞቱ። ትናንት እንኳ አንድ ሽማግሌ በእኔ ፈንታ እንዲከፍሉ ዝም ብዬ ነበር። መሐላዬን ውሰድ።»

ክሩን ወደ ውሃው አጠለቀችው።

መጀመሪያ የሄደው ቀይ ነው። ዳር ላይ የቆመው የጎሽሜ መቀነት ዓይኗ እያየ አመድ ሆነ። ቀጥሎ ቢጫው፤ ከልጅነቷ ጀምሮ ከጣቶቿ ያልለቀቀው የእርድ እድፍ ጠፋ። አረንጓዴው ከኮረብታው ላይ ወረደ። ሰማያዊው ሲሄድ ቀና አለች፤ ሰማዩ ከራሷ በላይ እንደ ተገለበጠ ድስት ሆነ። ሰባተኛው ምን እንደ ነበር እንኳ አታውቅም፤ ስም ሳትሰጠው ሄደ።

ከኋላዋ ጎሽሜ ጉልበቱ ላይ ሲወድቅ ሰማች። ወፎቹ በአንድ ጊዜ ተነሡ፤ የክንፋቸው ድምፅ እንደ ጨው አበባው ጸናጽል ነበር። የሚዘንበው ነገር በፊቱ ላይ እየዘነበበት ያ የማይደክመው ቀልደኛ እንደ ሕፃን አለቀሰ።

«ንገረኝ» አለችው።

ከዋሻው ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ክንዷን ያዛት። «አልችልም» አላት። «አንቺ እንኳ አትችይውም ነበር።»

የውሸቱን ክር ለውሃው ተወችው። ነጭ ክር ነክራ ይዛ ተመለሰች።

በመልሱ አባ ሳሙር እየደከሙ በየመንገዱ እያረፉ ስለ መጡ ዘገዩ፤ በሠላሳ ስምንተኛው ቀን የምስክር አዳራሽ ሞልቶ ነበር። ሠራዊቱ ስንቁን ጭኖ በበሩ ቆሟል። ወንዙ መልኩን ቢመልስም ክሮቹ ከጣሪያው ላይ እንደ ደበዘዙ ናቸው። ንግሥቲቱ ተናገሪ አለቻት፤ ሕዝቡም ሊያለቅስ ተዘጋጅቶ ተጠጋጋ። ማዕዶት እናቷን ከአዕማዱ ሥር አየቻት። ዓይኗን ከእርሷ ላይ ልታነሣ ፈለገች፤ አላነሣችም።

በመጀመሪያ የዋሻውን ነገር ተናገረች፤ ምንም ሳታስጌጥ፣ እግሯን ከድልድዩ ላይ ካነሣችበት እስከ ድስቱ፣ ከድስቱም እስከ ሦስቱ የገደል ትንፋሾች። የሦስቱን ሟቾች ስም እየለየች ጠራች። የመኳንንቱ ልጆች ሲሳሳቁ ሰማች። እናቷ ነጠላዋን ከአፏ ወደ ዓይኗ አወጣችው። ከዚያም ማዕዶት በአውራሻ ታሪክ ከተሰጡት ሁሉ አጭር የሆነውን ምስክርነት ሰጠች።

«ሐይቁን አየሁት። እኔ ያየሁት አመድ ነው። አጠገቤ የቆመው ሰው ግን አለቀሰ።»

ከዚህ ሌላ አልጨመረችም። ቀጥሎ አንዲት ሴት፣ ያቺ አዳራሹን የምትጠርገው፣ ቀና አለች። አጠገቧ ያለው ቀና አለ። አንድ በአንድ፣ ረድፍ በረድፍ፣ ንግሥቲቱም በዙፋኗ ላይ ሆና፣ የሳቁት የመኳንንት ልጆችም አፋቸውን ከፍተው፣ ሕዝቡ ሁሉ ወደ ጣሪያው አየ። ማዕዶትም አብራ ቀና አለች። የሸረሪት ድር አየች። ክሮቹ እንደ ተመለሱ ያወቀችው ከሰዎቹ ፊት ነው።

ንግሥቲቱ ሠራዊቱን መለሰች፤ ስለ ሦስቱ ሰዎችም በሕዝብ ፊት ማቅ ለበሰች። ገዳዮቹ ለፍርድ ተጠሩ፤ የጎሽሜም ወንድም ከመካከላቸው ነበረ፤ ጎሽሜ በራሱ እጅ አምጥቶ አቆመው። ለማዕዶት ስለ ድፍረቷ ሽልማት ይሰጣት ያሉ ነበሩ። እርሷ የጠየቀችው ወደ ጨው ሜዳ የምትሄድበትን መንገድ ብቻ ነው።

ጨው ሜዳ በደረሰች ጊዜ ጎህ ነበር። አሌማ ከመቃብሮቹ አጠገብ ጨው ትሰብራለች። ማዕዶት ከፊቷ ተንበርክካ ሁሉንም ነገረቻት፤ ያንቺን ሰዎች ያስገደልኩ እኔ ነኝ አለቻት። ሴትዮዋ መዶሻዋን አስቀመጠች። አልረገመቻትም፤ ይቅር ብዬሻለሁም አላለች። ለረጅም ጊዜ ካየቻት በኋላ ወደ ቤቷ ገባች፤ ተመልሳ ስትወጣ ቅል ይዛ ነበር።

አበባው በዙሪያቸው ይሰነጠቅ ጀመር። ነጭ ነበር፤ ለአሌማም ነጭ፣ ለማዕዶትም ነጭ። ቅሉን በሁለት እጇ ተቀበለች፤ በዚህ ጊዜ ጠጣች። ቀና ብላ ግን ሴትዮዋን ማየት አልቻለችም።